መሪጌታ ያልደረሱበት ፊደል

ባለፈው ሰሞን መንገዱ ተከፍቷል ሲባል የእህቴን ልጅ ለመጠየቅ ቡሬ ሄድሁ። ከነቀምቴው መገንጠያ አለፍ ብሎ፣ ባጃጆች ተኮልኩለው ሰው ከሚጠብቁበት ጥግ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፤ መስታወቷ ላይ «ፎቶ ኮፒ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፋል። በአገራችን «ፎቶ ኮፒ» ያልተለጠፈበት መስታወት ካለ የመኝታ ቤት መስታወት ብቻ ነው። እኔ ግን ቆምሁ፤ ከኋላዬ የመጣው ባለ ጋሪ «እማማ፣ ወይ ይለፉ ወይ ያሳልፉ» እስኪለኝ ድረስ ቆምሁ። ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። የመሪጌታ የኔሰው እጅ ነው። «ቶ»ዋም የእሳቸው ናት፣ «ኮ»ዋም የእሳቸው ናት፤ አንገታቸውን ሰበር አድርገው በቀኝ እግራቸው የሚቆሙ ፊደሎች የሌላ ሰው አይደሉም። ያስደነገጠችኝ «ፎ» ናት፣ ከዚያም መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው «ፒ»። መሪጌታ የኔሰው ፊደላቸውን ለኮምፒውተር ሲጽፉ ከ«ሀ» ተነሥተው «ፀ»ን እንደጨረሱ ነው የሞቱት። «ፈ»ንም «ፐ»ንም አልጻፉም። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የጻፉት ከእኔ ሱቅ ተቀምጠው ነበርና።

ገባሁ። ባለ ሱቋ ጥፍሯን የተቀባች፣ ጆሮዋ ላይ ሽቦ የሰካች ቀልጣፋ ልጅ ናት። «ይሄን ጽሕፈት ከየት አመጣሽው?» አልኋት።

«ፎንቱን ነው ማዘር? ኮምፒውተሩን ስገዛው ላዩ ላይ ነበር። ሲያምር ጊዜ ተጠቀምሁበት።»

ዝርዝሩን ከፈተችልኝ። ከፈረንጅ ስሞች መካከል፣ ድሮ እንደማውቀው፣ «የኔሰው» የሚል ተቀምጧል። «ፈ»ን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ እንድትጽፍልኝ ጠየቅኋት፤ ግዕዝና ሳብዕ ምን እንደሆኑ ስላላወቀች «ፈ ፉ ፊ እያልሽ ውረጂ» አልኋት። ወረደች። ቀጥላም «ፐ»ን ጻፈች። ሁሉም በእሳቸው እጅ ነው፤ ያችው በስተ መጨረሻ የጀመረቻቸው የእጅ መንቀጥቀጥ እንኳ አለችበት። ገጹን አትማ ስትሰጠኝ ፊቴን አየችና ውሃ አቀረበችልኝ። የታመምሁ መስሏት ሂሳብም አልተቀበለችኝም።

ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ። እኔ የምለየው በሌላ ነው፤ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም የሚጠጣበት፣ ወንዶቹ መንገድ የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ የሚለብሱበት፣ ሴቶቹ ደግሞ ሶሉ ጡብ የሚያህል ጫማ ተጫምተን በፍኖተ ሰላም ኮረት ላይ ቁርጭምጭሚታችንን የምናጥፍበት ጊዜ ነበር። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት «አንጓች የጽሕፈት አገልግሎት» የሚል ቆርቆሮ ሰቅዬ ነበር። ጎረቤቴ ካሴት ቤት ነው፤ ባለቤቱ የወደደውን አንድ ዘፈን ከጧት እስከ ማታ እየመለሰ ያዘፍነዋል፤ ክሩ ሲጠመጠምበት ከእኔ እስክሪብቶ ተውሶ እየጠቀለለ ያቃናዋል። ዛሬ ያን ዘፈን ባስበው ግጥሙ ሳይሆን እስክሪብቶዬ ነው ትዝ የሚለኝ፤ አንዱንም አልመለሰልኝም። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ማንጎና ሸንኮራ የያዙ ሴቶች ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፤ አቧራው ተነሥቶ ከእኔ ወረቀት ላይ ይተኛል። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሞበታል፣ ከሥሩ ስልክ ይሸጣል። በዚያ ሳልፍ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

ኮምፒውተሩን ያመጣሁ ጊዜ ገበያተኛው ሁሉ ሊያየው ይመጣ ነበር። ስከፍተው መጀመሪያ አራት ቀለም ያላት፣ ነፋስ የሚያወዛውዛት ባንዲራ ትወጣለች። አንድ የዳሞት ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ «የየትኛው ንጉሥ ናት?» ብሎኛል። ከዚያ ጋራው ይመጣል። የዚያን ዘመን ኮምፒውተር ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ አረንጓዴ ጋራ፣ ከላዩ ሰማያዊ ሰማይና ብጥስጥስ ያለ ደመና። ለእኛ ሰው ይህ ሥዕል አልነበረም፣ አገር ነበር። የቋሪቱ ሰው «የእኛው ጋራ ነው፣ በመስከረም» ይላል፤ የደምበጫው «ኧረ ወዲያ፣ ከእኛ ማዶ ያለው ነው» ይላል፤ እኔ ሥራ ፈትቼ እዳኛለሁ። አንድ ቀን ወተት የምታመጣልኝ ሴት ለረጅም ጊዜ አየችውና «እንዲያው የዚህ አገር ከብት የት ሄደ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ባየሁት ቁጥር ከብቱን እፈልጋለሁ። ቤት የለው፣ ዛፍ የለው፣ አጥር የለው፣ ጭስ የለው፤ ሣሩ ግን የተጋጠ ይመስላል። ሱቁን ስዘጋ ለዚያ ጋራ ጀርባዬን መስጠት አልወድም ነበር። በጥንቆላ የማምን ሴት አይደለሁም፤ በዚያን ጊዜ የምፈራው የመብራት መጥፋትን ብቻ ነው እያልሁ ለሰው እናገር ነበር።

መሪጌታ የኔሰው የመጡት ኮምፒውተሩ ይጽፋል ሲባል ሰምተው ነው። ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በሸምበቆ ብርዕ ዳዊትና ድርሳን ሲጽፉ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። ነጭ ጥምጥም፣ ንጹሕ ጋቢ፣ ከሥሩ ኮንጎ ጫማ። ሰው ያከብራቸዋል፤ ይፈራቸዋልም፤ እጃቸው የነካው ጽሑፍ ያስራል ይፈታል ይሉ ነበር። እሳቸው ይህን ሲሰሙ «እኔ የማስረው ጥራዝ ብቻ ነው» ይላሉ። ወንድ ልጅም ደቀ መዝሙርም አልነበራቸውም፤ ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ስመኝ ናት። ብርዑን የምትቀርጸው፣ ብራናውን የምታሰምረው፣ ቀለሙን የምትበጠብጠው እሷ ናት፤ መጻፍ ግን የሴት ወግ አይደለም ተብሎ አልተማረችም። ዘወትር ከኋላቸው ተቀምጣ ታያለች።

መሪጌታ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጠው እያንዳንዷን ትንሽ ሥዕል በጣታቸው እየጠቆሙ ጠየቁኝ። ቢጫው አቃፊ፣ የአሸዋ ሰዓቱ፣ ከጥጉ የተቀመጠችው የቆሻሻ ቅርጫት።

«ይቺስ ምንድን ናት፣ ልጄ?»

«የማይፈለግ ነገር የሚጣልባት ናት፣ መሪጌታ።»

«የተጣለው ወዴት ይሄዳል?»

«እዚያው ይቀመጣል። ሐሳቤን ከለወጥሁ አወጣዋለሁ። ቅርጫቷን ከደፋኋት ግን የለም።»

ጢማቸውን ዳበሱ። «እንግዲያስ መቃብር አይደለችም» አሉ። «ሰው መቃብር ገብቶ በሐሳብ አይመለስም።» ከዚያ ስቀው ተነሡ፤ እኔም ሳቅሁ።

ነገሩን ያመጣው መምህር ይበልጣል ነው። ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምር የነበረ፣ ከወሎ የመጣ፣ የቆዳ ጃኬቱን በበጋም የማያወልቅ ጎልማሳ ነበር፤ የእኔ ማሽን ሲታመም የሚያድንልኝ እሱ ነው። የመሪጌታን ጽሕፈት አንድ ቀን አየና «እትየ፣ ይሄንን እጅ ፎንት ማድረግ አለብን» አለኝ። መሪጌታ ፊደሉን በወረቀት ይጽፋሉ፣ እሱ በስካነር ያነሣዋል፣ ጠርዙን ያቃናል፣ ከዚያ ማንም ሰው ቁልፍ ሲጫን የመሪጌታ እጅ ይወጣል። አስረድቶ ሲጨርስ «መሪጌታ፣ እጅዎ አይሞትም ማለት ነው» አላቸው።

«ሰውዬው ሞቶ እጁ ከቀረ ማን ያርፋል?» አሉት። እምቢ ያሉ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ከኪዳን መልስ ብርዐቸውን ይዘው መጡ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ሳይከዳኝ ልቀድመው ብለው ይመስለኛል።

እንዲህ ተጀመረ። ጧት ጧት ከመስኮቴ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ስመኝ ወረቀቱን ታሰምርላቸዋለች፤ እሳቸው የዕለቱን አንድ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይጽፋሉ፣ አይጨምሩም አይቀንሱም። መምህሩ ሁለት ረድፍ እንዲጽፉለት ሲለምናቸው «ለነገ ያልተረፈ ፊደል ዛሬም አያምርም» ይሉታል። ችኮላ አይወዱም ነበር። የ«ፀ» ዕለት ጨርሰው ብርዐቸውን ጠረጉና «ነገ ፈን እንጽፋለን» ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ። በማግስቱ ጧት ስመኝ ብቻዋን መጣች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ነበር። ወንበራቸው ወደ መስኮቱ እንደዞረ ነው፤ እኔም ሆንሁ ሌላ ሰው አልነካነውም።

መምህር ይበልጣል «ፈ»ንና «ፐ»ን ከሌላ ፎንት ተውሶ አስገባና የተዝካሩን መጥሪያ በገዛ እጃቸው ጻፍነው። ሲታተም አጠገቡ ነበርሁ። ማተሚያው እያንቋረረ የሟቹን ስም በሟቹ እጅ አወጣው። የተዋስናቸው ፊደሎች ደግሞ ያስታውቃሉ። «ፍኖተ ሰላም» ብለን ስንጽፍ የመጀመሪያዋ ፊደል ቀጥ ብላ የቆመች እንግዳ ናት፤ «ነፍስ» ብለን ስንጽፍ እንግዳዋ ከመካከል ትገባለች። ሰው ግን ይህን አላየም። ሰው ያየው ቀብረናቸው የመጣን መሪጌታ እንደገና ሲጽፉ ነው።

ሁሉም በዚያ እጅ ካልጻፍሽልን አለኝ። መምህሩም ደስ ብሎት ለደምበጫውም ለቡሬውም ጓደኛው በዲስኬት እየገለበጠ አደለ። ሳምንት ሳይሞላ የመሪጌታ እጅ በየግድግዳው ታየ፤ ሠርግ ጠሩ፣ ቤት አከራዩ፣ የእድር ቅጣት አስታወቁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፤ አንድ ቀን ከላህ ወንዝ ማዶ የመጣች ሴት ሱቄ ገብታ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችኝ። አንገቷ ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አለ። ራሷን ሲፈልጣት ኖሮ፣ የመሪጌታን ጽሕፈት ከመናኸሪያው ግድግዳ ላይ ገንጥላ አሰፍታ ስታነግተው እንደ ተዋት ነገረችኝ። ያን ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ። «አንዲት ዳማ በቅሎ ጠፍታብኛለች፤ ያያት ይንገረኝ» ነው የሚለው። ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ሴትዮዋ ድና ቆማለች፣ ምን ብዬ ላሳምማት። ሣቄ መጥቶ ነበር፤ ወጥታ ከሄደች በኋላ ግን መሣቅ አቃተኝ።

ስመኝ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ከስታ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ። ወንበሩን ሰጠኋት፤ የአባቷ ወንበር ስለሆነ አልተቀመጠችበትም።

«እትየ አንጓች» አለችኝ ቆማ፤ «ይሄን እጅ ወይ ይጨርሱልኝ ወይ ያጥፉልኝ።»

በእነሱ ዘር ልማድ አለ። ጸሐፊ ሲሞት የጀመረው መጽሐፍ ካለ፣ ከተዝካሩ በፊት ሌላ እጅ ይጨርሰዋል፤ የሚጨርስ ከታጣ ይቃጠላል። ሳይጨረስም ሳይቃጠልም የቀረ እንደሆነ ነፍሱ ደጅ ላይ መቋሚያዋን ተደግፋ ትቆማለች፣ አትገባም አትሄድም ይላሉ። «በየመንገዱ እያየኋቸው ነው» አለችኝ ስመኝ። «ገበያ ስወጣ ግድግዳ ላይ አሉ። ቤት ስገባ ደጅ ላይ መቋሚያ ሲነካ ይሰማኛል። የጻፉት ሁሉ እየሠራ እሳቸው እንዴት ይረፉ?»

ይህ ከንቱ ነው ማለት እችል ነበር። አላልኋትም፤ ፊቷን ያየ ሰው አይላትም። ለማስጨረስ ሞከርን። መምህሩ «ሁለቱን ረድፍ እኔ በማውሱ እሥላቸዋለሁ» ሲል «ማውስ እጅ አይደለም» አለችው። ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ከተማ የሚኖሩ አንድ ሌላ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ላክን፤ «የሞተ ሰው እጅ በመኪና አልቀጥልም» ብለው መለሱብን። ተዝካሩ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ማጥፋት ብቻ ቀረ፤ ለጓደኞቹ ያደለውንም መምህሩ ኋላ ሊያስጠፋ ቃል ገባላት።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ስክሪኑን አደብዝዛዋለች። መምህር ይበልጣል ፎንቶቹ ያሉበትን ቢጫ አቃፊ ከፈተ፤ «የኔሰው» የሚለውን ያዘና ጎትቶ ቅርጫቷ ውስጥ ጣለው፤ ቅርጫቷንም ደፋ። ኮምፒውተሩ ወረቀት ሲጨማደድ የሚሰማውን ድምፅ አሰማ። ስመኝ አማተበች።

«አበቃ?»

«አበቃ።»

«እስቲ መጥሪያቸውን ክፈቱልኝ፣ ልየው።»

ከፈተው። የመሪጌታ ስም በነበረበት ቦታ የፈረንጅ ፊደል፣ ሰረዝ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ሣጥን ተደርድሮ ቆየን። ማንም አፍ የማይናገረው ነገር ነው። መምህሩ ሊያስረዳን ሞከረ። የዚያን ጊዜ የአማርኛ ጽሕፈት ከሥሩ የፈረንጅ ፊደል ነበር፤ ፎንቱ እንደ ልብስ ከላይ ያለብሰዋል፣ ልብሱ ሲወልቅ የሚቀረው ይሄ ነው። እኔ አልሰማሁትም፤ በዚያ ሰሞን የጻፍሁትን እየከፈትሁ ነበር። የሙሽሮቹ ስም የለም። የእድርተኞቹ ስም የለም። የበቅሎዋ ባለቤት የለም። ሁሉም ያ ቋንቋ ሆኗል፤ ከበስተኋላው ያ ሰው የሌለበት ጋራ ይታያል።

ስመኝ ጣቷን ከስክሪኑ ላይ አኖረች። «ስማቸው የቱ ነው?»

«ይሄኛው መስመር ነው» አላት መምህሩ።

«ይሄ ስም አይደለም።» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አባየ እንዲያርፉ እንጂ እንዳልነበሩ እንዲሆኑ አይደለም የለመንኋችሁ። መልሱልኝ።»

መምህሩ ከጃኬቱ ኪስ ዲስኬት አወጣ። የአሸዋ ሰዓቱ ታየ፤ ሦስታችንም ዓይናችንን ተከልንበት። ከዚያ ስማቸው ባንድ ጊዜ ተመለሰ፣ በር ከፍተው የገቡ ያህል። ስመኝ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ የተቀመጠችው ከአባቷ ወንበር ላይ መሆኑንም አላስተዋለችም። ተዝካሩ በማግስቱ ወጣ፤ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ተበተነ። ሥራቸው ግን አልተጨረሰም፣ አልጠፋምም። ስመኝ ከዚያ በኋላ ባል አግብታ ወደ ገበዝ ማርያም ሄደች። ስንገናኝ ስለ ልጆቿና ስለ ዝናቡ እናወራለን፤ ስለዚያ አናወራም። እንቅልፍ እንደሌላት ግን ከሰው እሰማ ነበር። ዓመታት እያለፉ የእኔም ሱቅ ተዘጋ፤ ማሽኖቹ ተለወጡ፣ ጋራውም ከስክሪን ጠፋ። የት እንደሄደ አንድም ሰው ሲጠይቅ አልሰማሁም።

እንግዲህ ቡሬ ላይ ያን ወረቀት ያየሁ ጊዜ ለምን እንደቆምሁ ገባችሁ። ኔትወርክ በመጣ ቀን የመምህር ይበልጣልን ስልክ ከሰው አፈላልጌ ደወልሁ። ባሕር ዳር ነው ያለው፣ ጡረታ ወጥቷል። ነገሩን ስነግረው ሳቀ።

«ስመኝ ናት እኮ እትየ። የዛሬ ስንት ዓመት ቡሬ ሳለሁ በወረቀት ጽፋ አመጣችልኝ። ለእርስዎ እንኳ እንዳልነግር አስምላኝ ነው። ፎንቱን ለአዲሶቹ ማሽኖች እንደገና ስሠራው አስገባሁት።»

እኔም ሣቅሁ። ያቺ ከኋላ ተቀምጣ የምታይ ልጅ! ሳያስተምሯት ተምራ ኖሯል። እንዴት ሳልጠረጥር ቀረሁ እያልሁ፣ በሳምንቱ ገጹን አጥፌ በሚኒባስ ገበዝ ማርያም ወጣሁ። ልመሰክርላትና ልስማት ነበር የሄድሁት። የቋሪት ገብስ ደርሶ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል፤ ነፋሱ ይበርዳል።

ስመኝ ፀጉሯ ሸብቷል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿም ወጥተዋል። ከደጇ ወንበር አውጥታ አስቀመጠችኝ፤ ገጹን ስዘረጋላት ገና ከሩቁ አወቀችው። ጣቷን በ«ፈ» ረድፍ ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደች።

«ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው ዝም ያልሁዎት፣ አይዘኑብኝ» አለችኝ። «ባለቤቴ የሞተ ጊዜ መጥሪያውን በአባየ እጅ ጻፉልኝ። «ያረፈው» በሚለው ላይ ያቺን እንግዳ «ፈ» ሳያት አላስችል አለኝ። ብርዐቸውን አወጣሁና ጻፍሁት። እጄ የእሳቸውን መንገድ ያውቀው ኖሯል። ቀለሙ እስኪደርቅ ብዬ ከመጻፊያ ሰሌዳቸው ሥር አሳደርሁት፤ በማግስቱ ሳልገልጠው ጠቅልዬ ለመምህሩ ወሰድሁለት። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ትንሽ ተሻለኝ። ሙሉ ለሙሉ ግን አልተወኝም፤ የመጨረሻው ረድፍ ቀርቷላ።»

«የቱ የመጨረሻ?»

«ፐ ነዋ። እሱን እንዴት ልጻፈው፣ እትየ? ኸዳዊት የለ፣ ኸድርሳን የለ። አባየ ፐን ሲጽፉ አይቼም አላውቅ። በየት በኩል እንደሚጀምሩት አላውቀውም።»

ገጹን ገና እስከ ግማሹ ነበር የዘረጋሁላት። መምህሩ በስልክ ስንት ረድፍ እንዳመጣችለት አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም ነበር። እዚያው እንደተቀመጥሁ ስልኬን አውጥቼ ደወልሁ። «አንድ ወረቀት ነው፣ ሁለት ረድፍ» አለኝ ምንም ሳያመነታ። «ፈ እና ፐ፣ በአንድ ቀለም።» ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ ስመኝም ሰማችው።

የታጠፈውን ግማሽ ዘረጋሁላት።

ስመኝ ጎንበስ ብላ «ፐ»ን ከግዕዝ ጀምራ አንድ በአንድ አየች። በጣቷ አልነካቻቸውም። አየኋት፤ የምትዋሽ ፊት አይደለም፤ መምህሩም የሚዋሽ ሰው አይደለም። ተነሥቼ መሄድ ፈለግሁ። እሷ ቀና ስትል በፊቷ ላይ ፍርሃት የለም። ያን ፊት ሳውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈ ሆኖ አየሁት።

«አባየ ጨርሰዋላ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እኔ እጄን ስሰጣቸው የቀረውን ራሳቸው ጨርሰውታል። ይሄን ሁሉ ዘመን ሳላየው ኖርሁ።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ያን ጊዜ ያወጣሁት ተዝካር ተዝካር አልነበረም። ዘንድሮ እንደገና አወጣለሁ። መጥሪያውን እርስዎ ይጻፉልኝ፣ እትየ፤ በእጃቸው።»

እምቢ የሚባል አልነበረም። እሺ አልኋት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ አጠገቤ ቆማ ጠበቀች፤ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ በኩል እጄን ያዝ አድርጋ «ሲጽፉ አይቸኩሉ፣ አደራ» አለችኝ። «እሳቸው ችኮላ አይወዱም።»

በሳምንቱ ቡሬ ወርጄ፣ ፎንቱን ከባለ ሱቋ አስገልብጬ፣ ከእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ከዝርዝሩ ስማቸውን መረጥሁ። የቤቱን ሰዎች በሩን ክፍት እንዲተዉልኝ ነገርኋቸው። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ ጻፍሁት።